የአሚር ኑር ግንብ

አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ1551 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስ በወደቁበት ጦርነት ድል ያደረጉ የሐረር መሪ ናቸው። እኔ ከዚያ ድል ይልቅ ሐረርን እንዲከብብ ያሠሩትን የጀጎል ግንብ አደንቅላቸዋለሁ። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራው ግንብ ከፍታው 4 ሜትር፣ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥንታዊዎቹ አምስት በሮች ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳና ሸዋ ይባላሉ። ሌሊት ተዘግተው ከተማዋን ይጠብቁ ነበር፤ ቀን ተከፍተው ሲራራ ነጋዴውን ያስገቡ ነበር። መከላከያና ገበያ በአንድ በር! ይህን ያሰበ የጦር ሰው ሰላሙንም አስቦ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. የወቅቱ የሐረር መሪ አሚር አብዱላሂ ከግንቡ ወጥተው ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጠሙ። ተሸነፉ፤ ሐረርም ነፃነቷን አጣች። ጀጎል ግን ቆሞ ቀረ፤ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።