ዝናብ ያስቆመው መንገደኛ
ስለ ጉዞ ጽሑፍ፣ ስለ ሁለት የራሴላስ መጻሕፍትና ስለ ጋይንቷ ቤተ ልሔም

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የወጣት ኅብረቶች ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ለአገልግሎት ወደ ትንንሽ የደጋ ከተሞች ይወጣሉ። በመስከረም ደግሞ የጉዞ ጽሑፍ ይነበባል። አስተውላችሁ ከሆነ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ጉም ተራራውን ይሸፍነዋል፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ በመጨረሻም «ጌታ ይመስገን፣ በሰላም ተመለስን» ተብሎ ይዘጋል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ግን የከተማዋ ሰው የት አለ? ስሙ ማን ነው? ምን አለ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው መንገደኛው ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ከብዕር ይጀምርና ባልንጀራችንን እስከምናይበት ዓይን ድረስ ይዘልቃል።

ነገሩን በአንድ ቦታና በጥቂት መጻሕፍት እንመርምረው። ቦታው ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም ናት። ጋይንት በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ በኩል የሚገኝ ደጋ አገር ነው። በአካባቢው ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ አለ፤ የላይ ጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫም ጠባይዋን በስሟ ተናግራለች። በሐምሌ እዚያ የሚዘንበውን ዝናብና በረዶ ለማወቅ የደጋ ልጅን መጠየቅ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል፣ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ወጣት ወደ እነዚህ ተራሮች መጣ። የሚፈልገው በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን አምባ ነበር። በጉዞው ቤተ ልሔም ደረሰ። ከውጭ ሲታይ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ፣ ሣር ክዳን ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ በክቡ ጣሪያ ሥር በድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ፓከንሃም ይህንን ለውጭው ዓለም አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1959 ጉዞውን «የራሴላስ ተራሮች» በሚል መጽሐፍ አወጣው፤ ንዑስ ርእሱም የኢትዮጵያ ጀብዱ የሚል ነው።

የሚገባውን ምስጋና አስቀድመን እንስጠው። ይህ ወጣት ከሣር ክዳኑ ውጭ ቆሞ «አየሁት» ብሎ አልተመለሰም፤ ወደ ውስጥ ገባ። አንዱን ነገር ሲፈልግ ሌላ ነገር ቢያጋጥመው ዓይኑን አልጨፈነም። ስለ አገራችን ጥንታዊ ሕንፃ የሚያጠኑ ሰዎችም ባለውለታው ናቸው። ብዙ መንገደኛ ይህን ያህል እንኳ አያደርግም።

ችግሩ ስለ እርሱ ሲነገር በሚነሣው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ ቤተ ልሔምን «አገኛት» ይባላል። ለመሆኑ ከማን ጠፍታ ነበር? ቤተ ልሔም ከጥንት ጀምሮ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተዘጋጀ የዝማሬ መጽሐፍ ሲሆን፣ ትውፊት የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ለሆነው ለማሕሌታዊው ያሬድ ይሰጠዋል። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ወደዚህች ቦታ መጥቶ ያስመሰክራል። ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት ከሚባሉት የዜማ ስልቶች ጋር ስሙ የሚጠራው፣ ከሁሉም ይልቅ የተስፋፋው ስልትም በቦታዋ ስም ቤተ ልሔም ይባላል። እንግዲህ በየደብሩ ያለ የድጓ መምህር ሁሉ የሚያውቃትን ቦታ «አገኘ» ማለት፣ የሚያውቋትን ሰዎች ከሰው አለመቁጠር ነው። ጀብዱ የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። ጀብዱ ጀግና ይፈልጋል፤ ጀግናው መንገደኛው ከሆነ የአገሩ ሰው መልክዓ ምድር ሆኖ ይቀራል።

ፓከንሃም የመጽሐፉን ስም የወሰደው ከሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነው። ጆንሰን ይህን ልብ ወለድ ያወጣው ልክ 200 ዓመት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1759 ነበር። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታልና በቋንቋችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ጆንሰን ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም፤ የሚያውቃት በአገራችን ከኖረው ከፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ከሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ነበር፤ እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1735 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞታል። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው አገር የእኛ አገር ናት ብሎ መማል አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር በትክክል አይቷል፤ እርሱም ዝናቡ ነው።

ታሪኩን አስታውሱ። ልዑል ራሴላስ በተራራ በተከበበ የደስታ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል። መውጫ ፍለጋ ብዙ ወራት ይባዝናል፤ አይሳካለትም። አንድ ዓመት ዝናቡ ከልክ ያልፋል፤ ጎርፍ ሸለቆውን ይሞላዋል፤ መሳፍንቱ ሁሉ ቤት ይውላሉ። ራሴላስ ባለቅኔውን እምላክን ልብ ብሎ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው፤ የእምላክንም የሕይወት ታሪክ እንዲነግረው ይጠይቀዋል። ከዚያም ሁለቱ በተራራው ሥር ሲሄዱ ዝናብ ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸው ሽኮኮዎች ወደ ላይ አግድም የቆፈሩትን ቀዳዳ ያያሉ፤ የማምለጫው ዘዴ ከእነርሱ ይገኛል። ሽኮኮን መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 በምድር ላይ ከሚገኙ ትንንሽ ጥበበኞች ጋር እንደቆጠራት ታውቃላችሁ። ልዑሉ በበጋ በጉልበቱ ያልሆነለት፣ በክረምት ቆሞ ሲሰማና ዝቅ ብሎ ሲያይ ሆነለት። አገሩን ያላየው ጆንሰን ተራራ ላይ ክረምት ለምን እንደሚጠቅም ገብቶት ነበር፤ ዝናብ መንገደኛን ያስቆማል፣ የቆመ ሰው ደግሞ ይሰማል።

አሁን በጋይንት ጭቃ ላይ የሚሄደውን ሌላውን መንገደኛ ተመልከቱ። እርሱም በጀርባው ያዘለው አለው፤ ትከሻው ላይ ደበሎ፣ በእጁ በትርና አኩፋዳ። የቆሎ ተማሪ ነው። ከእናት ካባቱ ቤት ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ የመጣው ዜማ ለመማር ነው። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ውሻ ይጮህበታል፤ ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ጥሪው ለእናንተ ጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ግን የሚማረውን እዩ። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉትን፣ በፊደሉ ላይ የሚሰፍሩ ጥቃቅን ምልክቶች እየለየ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ዓመቱን ሙሉ የሚዘመረውን ሁሉ ያጠናል። ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። መዘምራን የሆናችሁ ለእሑድ ሦስት መዝሙር ለመለማመድ ስንት ማታ እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁና ልፋቱን ለመገመት ከማንም ይልቅ እናንተ ትቀርባላችሁ።

ለዚህ ተማሪ ክረምት እንቅፋት ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ድጓውም ለዚህ ወቅት የራሱ ዝማሬ አለው። ዝናቡ፣ ደመናው፣ ዘሩና ወንዙ ይዘመርላቸዋል። በእኛ የጉዞ ጽሑፍ ውስጥ ቅሬታ የሆነው ዝናብ እዚያ ምስጋና ነው። እንግዲህ አንድ መንገደኛ ሐምሌ ላይ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ስለ ጭቃው ብቻ ጽፎ ቢመለስ ምን ያህል እንዳመለጠው አስቡት።

የተማሪውን ጉዞ ከውስጥ ለማንበብ የምትፈልጉ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ፈልጉ። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባቱን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ ያዘጋጀው ነው። አለቃ ለማ በተማሪነት ከደብር ወደ ደብር የዞሩ ሰው ናቸው። ከ«የራሴላስ ተራሮች» ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት የሁለቱ ልዩነት ይታያችኋል። አንደኛው አገሩን ለማየት የመጣ ሰው መጽሐፍ ነው፤ ሌላው መምህር ፍለጋ የወጣ ሰው ጨዋታ ነው። ለማየት የመጣ ሰው የራሱን ጉዞ ይዞ ይመለሳል፤ ለመማር የሄደ ሰው ያስተማሩትን ሰዎች ይዞ ይመለሳል። ልጅየው መንግሥቱም ለዚህ መጽሐፍ ያደረገው ትልቁ ሥራ የራሱን ብዕር ገታ አድርጎ ሽማግሌው እንዲናገሩ መተው ነው።

«ይህ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው በቅንነት መመለስ አለበት። በትምህርተ ሃይማኖት የምንለያይባቸውን ነጥቦች መደበቅ አያስፈልግም፤ መሸፋፈን ፍቅር አይደለም። ነገር ግን ሳይሰሙ መለየትም እውነት አይደለም። ደግሞ አንድ የታሪክ ዕዳ አለብን። በአማርኛ ከታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ጀርባ ያለው ሰው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ሕንድን የዞረ መንገደኛ ነበር። ካይሮ ላይ በፈረንሳዊው ቆንስል በአሰሊን ደ ሸርቪል አማካይነት አሥር ዓመት ያህል ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። ጽሑፉን የእንግሊዝና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። ቆንስሉ ሊቁን ተቀምጦ ባይሰማው ኖሮ ያ ሥራ ባልተጀመረ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ቦርሳችሁን አዝላችሁ ስትወጡ፣ ለምትጽፉት ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ «ደረስንበት»፣ «አገኘነው» ከማለታችሁ በፊት ቦታውን ማን ያውቀው እንደነበር ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ዝናብ በሰው ቤት ሲያስቀምጣችሁ ስልካችሁን አስቀምጡና ባለቤቶቹን አጫውቱ፤ የነገሯችሁን ፈቅደው ከሆነ በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ሦስተኛ፣ ልትነግሯቸው የሄዳችሁትን ብቻ ሳይሆን የነገሯችሁንም መዝግቡ፤ ከእናንተ ሐሳብ ጋር የማይስማማውን እንኳ ሳትቆርጡ። ይህን ማድረግ ምስክርነትን አያደክምም። ጌታችንም በሰማርያ ደክሞት በጉድጓድ አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ ከሴቲቱ ጋር የጀመረው ነገር ውኃ በመለመን ነው፤ ጥያቄዋንም እስከ መጨረሻው ሰምቷታል።

በመስከረም ጽሑፋችሁን በኅብረቱ ፊት ስታነቡ፣ ከአድማጮቹ አንዱ ስለ ጭቃው ሳይሆን «እኒያ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ምን አሉ?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ጽሑፋችሁ ከብዙ የታተሙ የጉዞ መጻሕፍት ይበልጣል።