ገባ ብሎ

ጋዜጣው ባለፈው ሳምንት የላከኝ አንድ አዲስ ቴአትር አይቼ ሂስ እንድጽፍ ነበር። ችግሩ፣ ቴአትሩን አላየሁትም፤ ከደጅ ሆኜ ነው የሰማሁት። ስለዚህ ሂሴን የምጽፈው ሙሉውን ባነበብኩት ነገር ላይ ነው። እሱም የጥሪ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የሰፈረው አድራሻ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም።

ጽሑፉ ሁለት መስመር ነው። «ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው ዳቦ ቤት ገባ ብሎ። በቂ የመኪና ማቆሚያ አለን።»

ሳስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን «ይህ ጽሑፍ የሚያናግረው ማንን ነው?» በሚል ጥያቄ አስጀምራቸው ነበር። እንግዲህ እንየው። ዝቅ ብሎ፣ በየት በኩል? ከአደባባዩ መውጫዎች ሁለቱ ቁልቁል ናቸው። ገባ ብሎስ ስንት እርምጃ ነው? የእኛ «ገባ ብሎ» ሃምሳ ሜትርም ይሆናል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትርም። ዳቦ ቤቱ ደግሞ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው። እንግዲያው ቴአትር ቤቱን የሚያገኘው ዳቦ ቤቱ የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቴአትር ቤቱንም ድሮ ያውቀዋል። ጽሑፉ ቦታውን የሚነግረው ቦታውን ለሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው።

አነጋገሩን ንቄ አይደለም። እኛ አዲስ አበቤዎች በቤት ቁጥርና በመንገድ ስም መሄድ አልለመደብንም፤ በምልክት ነው የምንሄደው። ብሔራዊ ቴአትርን እዩት። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። ደጁ ላይ ያለው የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ አንበሳ ስንቱን አገናኝቷል! «አንበሳው ጋ ጠብቀኝ» ከተባለ አለቀ። ለገሃርም እንዲሁ ነው። ስሙ «ጣቢያው» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ባቡር ከቀረ ስንት ዓመቱ፣ የታክሲ ረዳቱ ግን «ለገሃር! ለገሃር!» ማለቱን አልተወም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም ፌርማታውን በዚሁ ስም ጠራው። አንበሳውንም ለገሃርንም ትናንት ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ጠይቆ ያገኛቸዋል። ዳቦ ቤቱን ግን…

ከሁሉ የከፋችው ቃል «በቂ» ናት።

ያን ቀን እትዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። ታላቅ እህቴ ናት። ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ቴአትር ያሳየችኝ እሷ ናት፤ እጄን ይዛ፣ በእግራችን። (ያኔ ማን መኪና ነበረው? የድሮ ቴአትር ቤቶች ግቢ ቢጠብ አይፈረድም።) አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏት በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ዘበኛው ሰንሰለቱን ሳይፈታ «ጋሼ፣ ይሄ የሠራተኛ ነው» አለኝ። ቆጠርኩ። ግቢው ዘጠኝ መኪና ይይዛል፣ ዘጠኝ መኪና ቆሟል። በቂ ነው እንግዲህ፣ ለሠራተኛው። «እሷን ብቻ ላውርድ» ብለው «ከኋላህ መኪና አለ፣ አይቻልም» ብሎ በእጁ ሸኘኝ። የደረሰልን ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ልጅ ነው። «ና ጋሼ፣ ና፣ ና… በቃ!» እያለ ከቅያሱ ጫፍ አስቆመኝ። ከዚያ ዳገት፣ ኮብልስቶን፣ አሥር እርምጃ ሄዶ ማረፍ።

ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። በሰዓቱ መዝጋታቸው ደግ ነው፤ እኔም የዘገየ ተማሪ አላስገባም ነበር። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ እትዬን አይታ አዘነችና በሩን ገርበብ አደረገችልን። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ፣ ወንበሮቹ ጋ ለመድረስ ቁልቁል ደረጃ። እትዬ ደረጃውን አየችው።

«አንተ ግባ፤ በኋላ ትነግረኛለህ» አለችኝ።

አልገባሁም። ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውስጥ ሕዝቡ በሳቀ ቁጥር ክንዴን ነካ ታደርገኛለች። «ምን ብሎ ነው?»

በማግስቱ ስልክ ደወልኩ። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰው ትሁት ነው። «ጋሼ፣ እኛን የማያውቅ ማን አለ?» አለኝ። ይኸው ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ተመልካች እየቀነሰ መቸገራቸውን ያማርርልኝ ገባ!

አንድ አንቀጽ ይበቃቸው ነበር። ከታክሲ የወረደ ሰው በየትኛው እጁ እንደሚታጠፍ፣ ግቢው ስንት መኪና እንደሚይዝ (ዘጠኝ ቢሉ ምን ያሳፍራል?)፣ ሲሞላ የት እንደሚቆም፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ስንት ደረጃ እንዳለ፣ አቅመ ደካማ የያዘ ሰው በር ላይ ማውረድ እንደሚፈቀድለት። ይህን ለመጻፍ ደራሲ መሆን አያስፈልግም። ጸሐፊው አንድ እሑድ ከአደባባዩ ተነስቶ እስከ መሥሪያ ቤቱ በእግሩ ይምጣ፤ ቢቻል እናቱን ይዞ።

ስለ ቴአትሩ ከጠየቃችሁኝ፣ ሳቁ ብዙ ነበር። መጨረሻ አካባቢ አንዱ በጣም ረዘመ። እትዬ ስልክ ስንደዋወል አሁንም ትጠይቀኛለች፤ ያ ሰውዬ ምን ብሎ ነው?