«ትናንት ምን በሉ?» — የምግብ ፍጆታ አለካክ በአካባቢ ኑሮ ሲመዘን

የአንድ አካባቢ ሕዝብ ምን ዓይነትና ምን ያህል ምግብ እንደሚመገብ ሳይታወቅ፣ ለተማሪዎች ምገባም ሆነ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤንነት የሚወጣ ዕቅድ የጸና መሠረት እንደማይኖረው የታወቀ ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ባለፉት 24 ሰዓቶች የተበላውንና የተጠጣውን በቃል ጠይቆ መመዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሔደው ብሔራዊ የምግብ ፍጆታ ጥናትም በዚሁ ዘዴ ተጠቅሟል። ወጪው አነስተኛ፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችለውም የሚመች በመሆኑ የዘዴው ጠቃሚነት አያከራክርም። አከራካሪው መጠይቁ የጠያቂውን እንጂ የተጠያቂውን ኑሮ ሳይከተል ሲዘጋጅ ነው። እንዲህ ያለው መጠይቅ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጠራ ውጤቱ ያሳስታል።

ለዚህ የጤፍ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተካሔደው የሥነ ምግብ ጥናት፣ ሕዝቡ በምግቡ የሚያገኘው የብረት ማዕድን ሰውነት ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አመለከተ። በኋላ ነገሩ ሲመረመር፣ አብዛኛው ብረት በበሬ ሲወቃ ከአውድማው አፈር ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም ይህንኑ ጉዳይ በጥብቅ መርምሯል። የላቦራቶሪው ሚዛን አልተሳሳተም፤ የመዘነው ግን እህልን ብቻ አልነበረም። ከአፈር የመጣው ብረት ደግሞ ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። አኃዙን እንዳለ የተቀበለ ዕቅድ አውጪ «በዚህ አገር የብረት እጥረት አያሰጋም» ብሎ ቢደመድም፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በነፍሰ ጡሯ እናት ላይ ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንምጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሐሙሲት፣ ስሟ እንደሚመሰክረው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። ከየገጠሩ ሰው የሚሰበሰበው በገበያ ቀን ስለሆነ፣ ጊዜና መጓጓዣ ያጠረው መረጃ ሰብሳቢ ይህንኑ ቀን ቢመርጥ አያስገርምም። ዳሩ ግን ሐሙስ ዕለት «ትናንት ምን በሉ?» ተብላ የምትጠየቅ እናት የምትናገረው ስለ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ፣ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር፣ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የጾም ቀን ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል አይታዩም። ያው ጥያቄ ዓርብ ቢቀርብ መልሱ ስለ ገበያው ቀን ስለሚሆን፣ ያችው እናት ሌላ ሰው መስላ ትመዘገባለች። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፤ የሳምንቱን አመጋገብ ግን አንዳቸውም ብቻቸውን አይገልጹም።

ሁለተኛው እንቅፋት በስም ላይ ያለ ነው። መጠይቁ «እንጀራ» ብሎ አንድ ቁጥር ሲሰጥ፣ የቤት እመቤቷ ግን ጤፉን ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ጋር ትቀላቅለው ይሆናል፤ በፎገራና በአካባቢው የሩዝ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህም ጤፍን ከሩዝ ጋር ቀላቅሎ መጋገር ተለምዷል። የእነዚህ እህሎች የማዕድን ይዘት አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ድብልቁ ካልተጠየቀ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ሊረዳ አይችልም።

ሦስተኛው የጋራ ማዕድ ነው። ከአንድ ገበታ አምስትና ስድስት ሆኖ በሚበላበት፣ ጉርሻም የፍቅር መግለጫ በሆነበት ቤት፣ «ልጅዎ ስንት እንጀራ በላ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው። በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። አንዱ በእንግዳ ፊት ማጣቱን መግለጽ ነውር ስለሚሆንበት ያልበላውን ይጨምራል፤ ሌላው ርዳታ ይመጣ ይሆናል ብሎ የበላውን ይቀንሳል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውን የኢትዮጵያ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ካዘጋጁት አንዷ የሆኑት ሮዛሊንድ ጊብሰን፣ ከኢሌን ፈርጉሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት መመሪያ፣ ተጠያቂዎች አስቀድመው እንዲሠለጥኑ፣ ለየብቻ የሚበሉበት ሳሕን እንዲሰጣቸውና የተበላውን በሥዕል ሠንጠረዥ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ መክረዋል። በእኛ አካባቢ በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ሊታከሉ ይገባል። አንደኛ፣ የመጠየቂያ ቀኖች ለሰባቱም ዕለታት እንዲደለደሉና የጾሙ ወራት እንዲመዘገቡ፤ ሁለተኛ፣ ከተጠያቂዎች ከፊሉ ተከታታይ ባልሆነ ሌላ ቀን ዳግም እንዲጠየቁ፤ ሦስተኛ፣ የየቤቱ የዱቄት ድብልቅና የአንዱ እንጀራ ክብደት በሚዛን እንዲረጋገጥ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞችም ልኬት ሲሰጥ ሜትርና ኪሎግራም ብቻ ሳይሆኑ ጭልፋው፣ ጣሳውና እፍኙም በሚዛን ተፈትነው ሊጠኑ ይገባል። ጥናት ወደ ወረዳው ሲመጣ መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆኖ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ መምህሩ ነው። ስለሆነም መጠይቁ ከመታተሙ በፊት «ይህ ጥያቄ በየትኛው ቀን ይጠየቃል? ይህ እንጀራስ ከምን የተጋገረ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ከእርሱ የተሻለ ቦታ ያለው የለም። በተሳሳተ አኃዝ ላይ የተመሠረተ የምገባ ዕቅድ የሚያጎድለው ከዚያው መምህር ፊት በባዶ ሆድ ከሚቀመጠው ተማሪ ነውና።