ፍቅርና ፍትወት በኤልሳቤጥ ዘመን ግጥምና ተውኔት

የአንድን ዘመን የፍቅር ሥነ ጽሑፍ ለመመርመር የሚነሣ ሐያሲ ከስንኙ ውበት አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ በድርሰቱ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ዝም እንዲል የተደረገውስ ማን ነው? የሚል ነው። ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ እንግሊዝን ከ1558 እስከ 1603 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በገዛችበት ጊዜ የተጻፉት ድርሰቶች በዚህ ጥያቄ ሲፈተኑ፣ ግጥሙና ተውኔቱ በተለያየ ጎዳና እንደ ተጓዙ ይታያል። ግጥሙ ለሴቲቱ ሰገደላት፤ ሰግዶም ዝም አሰኛት። ተውኔቱ ግን አንደበት ሰጣት። የዘመኑ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ እርምጃም ሆነ ጉድለቱ የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው።

ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ጋብቻ የመሬትና የሀብት ውል ነበር። በ1540 የተቋቋመው የሞግዚትነት ፍርድ ቤት፣ አባታቸው የሞተባቸውን የባለ ርስት ልጆች ሞግዚትነትና የጋብቻ መብት በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ርስት የሌለው ሕዝብ ጎጆ መውጫ እስኪያገኝ በሥራ ስለሚቆይ፣ ሴቶቹ የሚያገቡት በአማካይ ወደ 26 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። የመኳንንቱ ልጅ ግን ገና በልጅነቷ የውል ዕቃ ትሆን ነበር። ፍቅር የሚዘመረውም ከዚህ ውል ውጭ እንደ ሩቅ ሕልም ሆኖ ነበር።

ሕልሙን ለማሰማት የተመረጠው ቅርፅ ሶኔት የተባለው ባለ14 ስንኝ ግጥም ነው። ከጣሊያናዊው ባለቅኔ ከፔትራርካ በተወረሰው ሥርዓት መሠረት አፍቃሪው ይቃትታል፤ ተፈቃሪዋ ደግሞ እንደ ከዋክብት የራቀች፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘች ናት። በ1591 የታተመው የሰር ፊሊፕ ሲድኒ «አስትሮፊልና ስቴላ» 108 ሶኔቶች አሉት። በመካከላቸው በገቡት ዜማዎች ስቴላ የምትናገርበት ቦታ ቢኖርም፣ ቃሏ ፍቅሯን ሳትክድ ክብሬ ይከለክለኛል ከማለት ብዙም አያልፍም። ለስቴላ መነሻ የሆነችው ፔነሎፒ ዴቨሩ በ1581 ለባለጸጋው ለሎርድ ሪች የተዳረች ወይዘሮ ነበረች። ሲድኒ በ1586 ከሞተ በኋላ ይህች ሴት ከባሏ ሌላ ቻርልስ ብላውንት የተባለውን መኰንን ወዳ ልጆች ወለደችለት፤ በ1605ም አገባችው። የሕያዊቱን ሴት ያህል የምትወስንና የምትደፍር ሴት በሶኔቱ ውስጥ አትገኝም። ከዚህ ለየት ያለው ኤድመንድ ስፔንሰር ነው። እሱ በ1595 ባሳተማቸው ግጥሞች የሥጋን ናፍቆት ሳያፍር ወደ ሠርግና ወደ ሕጋዊ ትዳር አድርሶታል።

ሼክስፒር በ1609 በታተሙት 154 ሶኔቶቹ ይህን ሥርዓት ከውስጡ አፈረሰው። የመጀመሪያዎቹ 126 ሶኔቶች በአብዛኛው የሚያወድሱት ሴት ሳይሆን አንድ ወጣት ወንድ ነው። ከዚያ የሚቀጥሉት ደግሞ መልኳ ጠቆር ስላለ፣ እንደ ዘመኑ ወግ ቆንጆ ስለማትባል፣ ተናጋሪው ግን ፍትወቷን መቋቋም ስላቃተው ሴት ነው። የወንድና የወንድ ግንኙነት ከ1533 ጀምሮ በሞት በሚያስቀጣበት አገር፣ ይህ ውዳሴ የወዳጅነት ወይስ የፍትወት መሆኑ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1640 ግጥሞቹን ያሳተመው ጆን ቤንሰን በአንዳንዶቹ ውስጥ «እሱ» የሚለውን «እሷ» ብሎ መለወጡ፣ አንባቢውን ያሳሰበው ምን እንደ ነበር ያመለክታል። ክሪስቶፈር ማርሎውም «ዳግማዊ ኤድዋርድ» በተባለው ተውኔቱ፣ ንጉሥ ለወንድ ወዳጁ ያለው ፍቅር አገር ሲያናውጥ አሳይቷል። እሱ ከሮማዊው ባለቅኔ ከኦቪድ የተረጐማቸው የፍቅር ግጥሞች በ1599 በጳጳሳት ትእዛዝ ተቃጥለዋል።

የሴቲቱ ድምፅ በሙሉ ኀይሉ የተሰማው ግን በመድረክ ነው። ተውኔት በባሕርዩ ምልልስ ስለሆነ፣ አፍቃሪው ብቻውን ሊቃትት አይችልም፤ ተፈቃሪዋ መልስ መስጠት አለባት። «እንደ ወደዳችሁት» በተባለው ተውኔት ኦርላንዶ በዛፍ ላይ ግጥም እየሰቀለ ሲያለቃቅስ፣ ወንድ መስላ የምትኖረው ሮዛሊንድ ታሾፍበታለች፤ አስመሳይነቱንም አስጥላ እውነተኛ ፍቅርን ታስተምረዋለች።

ከሁሉ የጠለቀው ምሳሌ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ በመለሰው በ«ሮሜዎና ዡልየት» ይገኛል። ሮሜዎ አስቀድሞ የሚቃትትላት ሮዛላይን በመድረክ አትታይም፣ አንዲት ቃልም አትናገርም፤ የሶኔቱ ዝምተኛ እመቤት እሷ ናት። በግብዣው ላይ ከዡልየት ጋር ሲገናኝ ግን ንግግራቸው ተገጣጥሞ አንድ ሙሉ ሶኔት ይሆናል። አራቱን ስንኝ እሱ ይጀምራል፤ አራቱን እሷ ትመልሳለች፤ የቀሩትን ስድስት ይካፈሏቸዋል። የአንድ ወንድ ብቸኛ እንጉርጉሮ የነበረው ቅርፅ የሁለት ሰዎች ውይይት ሆነ። ጋብቻውንም በአንደበቷ የምታነሣው ራሷ ዡልየት ናት። የታሪኩ ምንጭ የሆነው አርተር ብሩክ በ1562 በጻፈው መቅድም ፍቅረኞቹን የወላጅ ምክር ያልሰሙ ብሎ ይኰንናቸዋል። ሼክስፒር ይህን ኵነኔ ጥሎ፣ የ16 ዓመቷን ልጅ ገና 14 ያልሞላት አድርጎ፣ አባቷ ያልወደደችውን ካላገባሽ በጎዳና ትቀሪያለሽ እያለ ሲዝትባት ያሳያል። ተመልካቹም የሚፈርደው በልጅቱ ላይ ሳይሆን በውሉ ላይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ጉድለቱ ሊሸፈን አይገባም። ዡልየትንም ሮዛሊንድንም የጻፈ ወንድ ነው፤ በመድረክ የተጫወቷቸውም ለጋ ወንዶች ናቸው። በእንግሊዝ ሴት ተዋንያት በሕዝብ ቲያትር ቤት መደበኛ ቦታ ያገኙት ከ1660 ወዲህ ነው። የሲድኒ የወንድም ልጅ ሜሪ ሮዝ በ1621 ባሳተመችው የሶኔት መድበል ግን የምታፈቅረውም፣ የምትናገረውም ሴት ሆነች። ስቴላ በወንድ ብዕር የተፈቀደላትን ያህል ብቻ በተናገረችበት ቤተሰብ ውስጥ ሴት ራሷ ብዕር አነሣች።

ስለዚህ እነዚህን ድርሰቶች የሚያስተምር መምህር የፍትወቱን ነገር በእፍረት ሊዘለው፣ የሚያዘጋጅ ባለሙያም እንደ ማጣፈጫ ቅመም ሊነሰንሰው አይገባም። ፍትወት በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ የመወሰን መብቱ የሚፈተንበት ጉዳይ ነው። የሮሜዎን ስንኝ አስውቦ የዡልየትን መልስ ያደበዘዘ ዝግጅት፣ ሼክስፒር ለሁለት ያካፈለውን ሶኔት መልሶ ለአንዱ ይሰጠዋል።