በግራም የሚሸጥ ሲሚንቶ

በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዙሪያ የጥርስ ክሊኒክ አይጠፋም። «ነርቩ ድሮ ተሠርቶልኝ ነበር፤ አሁን እንደገና አመመኝ» የሚል ታካሚ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን የሐኪሙ ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አሮጌው ሙሌት መውጣት፣ የተደፈነው የሥር ቦይ መገኘት አለበት። በዚህ ፍለጋ መሣሪያው ጥቂት ከሳተ ጥርሱ ይበሳል። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ወለል ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የፊተኛው ሥር የኋላ ግድግዳ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል።

ድሮ እንዲህ የተበሳ ጥርስ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ጉጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲው ማህሙድ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ ኤምቲኤ የተባለውን ዱቄት ለዚህ ቀዳዳ መድፈኛ ሞከሩት። አብዛኛው የተጣራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፤ አንድ አምስተኛ ያህሉ በራጅ እንዲታይ የተጨመረ ቢስሙት ኦክሳይድ። ሲሚንቶ በኩንታል በሚጫንባት አዲስ አበባ ይኸኛው በግራም ይሸጣል! ብዙው ሙሌት እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ይህ ግን ያለ እርጥበት አይጠነክርም።

ጥበቡ ያለው ከመድፈኑ በፊት ነው። ጥርሱ በጎማ ሽፋን ከምራቅ ይለያል። በማይክሮስኮፕ ሥር ቀዳዳው ይታያል፤ በቀጭን የወረቀት ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የደም ነጥብም ቦታውን ይጠቁማል። ማጠቢያው የተበጠበጠ በረኪና ስለሆነ በግፊት አይረጭም፤ በቀዳዳው ካለፈ ሥጋውን ያቃጥላል። ደሙ በጥጥ ተይዞ እስኪቆም ሐኪሙ ይጠብቃል። ሲሚንቶው እንዳይዘጋቸው የቦዮቹ አፍ ይከለላል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ከበስተኋላው ኮላጅን ይነጠፋል፤ አለዚያ ሲሚንቶው ወደ አጥንቱ ይሾልካል።

ከዚያ እንደ ረጠበ አሸዋ የተለወሰው ዱቄት ቁንጥር በቁንጥር ይቀመጣል፤ በእርጥብ ጥጥ ቀስ ተብሎ መታ መታ ይደረጋል። እኔ የማደንቀው እዚህ ላይ የሐኪሙን እጅ ልክ ነው፤ ትንሽ ከጫነ ያልፋል፣ ትንሽ ከፈራ ክፍተት ይተዋል። መጠንከሪያ ጊዜው ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ስለሆነ እርጥብ ጥጥ ተደርጎበት፣ በጊዜያዊ ሙሌት ተሸፍኖ ታካሚው ይሰናበታል። በሌላ ቀጠሮ ሐኪሙ በሹል መሣሪያ ነክቶ መጠንከሩን ያረጋግጣል።

ሁሉም ቀዳዳ አይድንም። ትንሽ የሆነውና ወደ ሥሩ ጫፍ የወረደው ተስፋ አለው፤ ከድዱ አጠገብ ያለውንና የቆየውን የአፍ ባክቴሪያ ይቀድመዋል። ጥርስዎ ተበስቷል ከተባሉ፣ እንዲነቀል ከመስማማትዎ በፊት ቀዳዳው የት እንዳለ በራጅ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።