የደረቅ ነገር ማኅደር

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አምቦ የደረሰ መንገደኛ፣ በፍል ውኃዋ ድካሙን አውጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢመልስ፣ ወደ ደንዲና ወደ ወንጪ የሚያወጣውን ዳገት ያገኛል። በዚህ ዳገት እንግዳ እየመራሁ ብዙ ዘመን ተመላልሼበታለሁና፣ ስለ መንገድ ሙያ አንድ ነገር ተናገር ብባል፣ ከጫማውም ከምርኩዙም አስቀድሜ የማነሣው ውኃ የማያስገባውን ከረጢት ነው። ተጓዥ ዝናብ ሲወርድበት ውሎ፣ ማታ ለራሱና ለባልንጀራው ደረቅ ልብስ ከጓዙ ማውጣት ካልቻለ፣ በመዓልት ያሳየው ብርታት ሁሉ በሌሊት ከንቱ ይሆናልና።

ነገሩ ከተድላ ፍለጋ የመጣ አይደለም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ የወንጪ ተራራ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከከተማው በሸሚዝ የወጣ ሰው ላይ ሲደርስ የሚቀበለው ሌላ አየር ነው። ጋቢም ሰውን የሚያሞቀው በድርና በማጉ መካከል በያዘው አየር ሲሆን፣ በዚያ አየር ቦታ ውኃ የገባ እንደሆነ፣ ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ ኃይሉ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ነውና፣ ያ የሚያሞቅ ልብስ ተገልብጦ የሰውነትን ሙቀት የሚዘርፍ ይሆናል።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። እንግዳ መምራት በጀመርኩበት ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ ከአንድ ወጣት ጋር ወደ ደንዲ ሐይቅ ስወጣ፣ የጀርባ ሻንጣዬን ከላይ በላስቲክ ሸፍኜ ስለ ነበር ልቤን አሳርፌ ሄድኩ። ዝናቡ ግን ከአንገቴ ጀምሮ በጀርባዬ እየተንቆረቆረ፣ በማንገቻው ስፌት እየሰረገ፣ ሻንጣው ከገላዬ በሚገናኝበትና ላስቲኩ ሊሸፍነው በማይችለው ወገን ቀስ ብሎ ገባ፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። አመሻሽ ላይ ጋቢዬን ባወጣሁት ጊዜ፣ ከወንዝ እንደ ወጣ ልብስ ውኃው በክንዴ ላይ ወረደ። ወጣቱ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ከንፈሩ ጠቆረ። የአገሩ ሰዎች ቤታቸው አስገብተው፣ እሳት አንድደው፣ የራሳቸውን ልብስ አልብሰው ባያሳድሩን ኖሮ፣ መጨረሻው ምን ይሆን እንደ ነበር ዛሬም ማሰብ ያስፈራኛል። በእኔ ተማምኖ የመጣ ሰው በእኔ ቸልተኝነት መሠቃየቱ እስካሁን ከኅሊናዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ፣ ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ መታዘዙን በኦሪት ዘፍጥረት ባነበብኩ ቁጥር፣ በውስጥም የሚለው ቃል የበለጠ ይገባኛል። አበውም ከላይ መሸፈን ብቻ እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። ብራና ውኃ ሲነካው ይጨማደዳልና፣ መጽሐፉን በጥርብ እንጨት ገበታ መካከል ጠርዘው፣ እንደ ገና በለፋ ቆዳ በተሠራ፣ ክዳን ባለውና በትከሻ በሚንጠለጠል ማኅደር ውስጥ ያኖሩት ነበር። ማኅደር በግእዝ ማደሪያ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሊቃውንት፣ የዕቃው ሥራ መሸፈን ብቻ ሳይሆን ለከበረ ነገር የማታ ቤት መሆን እንደ ሆነ ተረድተው ነው እላለሁ።

የዛሬው ከረጢት የዚያው የማኅደር ዘመድ ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1823፣ በናፍታ የሟሟ ጎማ በሁለት ጨርቆች መካከል ቀብቶ ውኃ የማያሳልፍ ልብስ ሠራ፤ አሁን በጎማው ፈንታ ናይለኑ በፖሊዩሪቴን ይቀባል፣ ወይም ከረጢቱ በሙሉ ከፒቪሲ ይሠራል። መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሁሉ የውኃ በር ስለሆነ፣ መልካሙ ከረጢት መጋጠሚያው በሙቀት የተጣበቀ ወይም ስፌቱ በውስጥ በኩል በላስቲክ ጥብጣብ የታሸገ ነው። የሚገዛ ሰው በአየር ሞልቶ አፉን ይጠቅልልና በውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ይድፈቀው፤ አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለው። አቅም ያነሰውም አይዘን፤ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጠኛ ላስቲክ ተደጋግሞ ታጥቦ፣ ያልተቀደደ መሆኑ ተመርምሮ፣ አፉ በሥርዓት ከታጠፈ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሙያው ያለው በአፉ ላይ ነው። ልብሱን ከከተትኩ በኋላ ከረጢቱን በጉልበቴ ቀስ ብዬ ተጭኜ አየሩን አስወጣለሁ፤ ሁለቱን ከንፈሮች እኩል ገጥሜ፣ በመካከላቸው ክርም አሸዋም እንዳይቀር በአውራ ጣቴ ከዳር እስከ ዳር እዳስሳለሁ፤ ከዚያ ሳልቸኩል አጥብቄ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠቅልዬ፣ ሁለቱን ጫፎች አምጥቼ በዘለበቱ አገናኛለሁ። ከረጢቱን እስከ አፉ የሞላ ሰው የሚጠቀልልበት ስለማይተርፈው፣ ምንም ውድ ዕቃ ቢገዛ ውኃ ያስገባበታል። እንዲህ የተዘጋ ከረጢት ዝናብንና ድንገት ወንዝ ውስጥ መውደቅን ይችላል፤ በውኃ ውስጥ ሰጥሞ እንዲቆይ ግን አልተሠራም።

ይህን አጠቃለል ያጠሩልኝ በወንጪ አፋፍ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ባለ ፈረስ ናቸው። በዚያ አገር እንሰት በየጓሮው አለና፣ አባባ ለስንቅ የያዙትን ዳቦ በኮባ ቅጠል ሲጠቀልሉ ተመለከትኩ፤ ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ወላፈን አለስልሰው፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ እጥፉን ወደ ታች አድርገው በቃጫ አሰሩት። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ማታ ሲፈቱት ዳቦው እንደ ጠዋቱ ነበር።

አፉን በሥርዓት ከመዝጋት ቀጥሎ ሁለተኛው ሕግ መለየት ነው። እርጥብ ልብስ ከደረቅ ጋር በአንድ ከረጢት ከታሸገ፣ ውኃውን ከውጭ የከለከለው ጨርቅ በውስጥም ያቆየዋልና ሁሉንም ያረጥባል። ስለዚህ የሌሊቱ ልብስ በአንዱ፣ ክብሪትና ወረቀት በሌላው፣ የረጠበው በሦስተኛው ያድራል፤ የሌሊቱም ከረጢት፣ መንገዱ አልቆ ጣራ ሥር እስኪገባ ድረስ፣ ብርዱ ምንም ቢጠና፣ አይፈታም። ደረቁን ልብስ ቀን በዝናብ ውስጥ የለበሰ ሰው ሌሊቱን አስቀድሞ በልቶታል። ከጉዞ መልስም ከረጢቱ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ሳይታጠፍ ይቀመጥ፤ እርጥቡን ታጥፎ የከረመ ቅቡ እየተጣበቀ ይላጣልና።

ባለፈው ክረምት በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ወዳለው ወደ ወንጪ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በጀልባ ስንሻገር፣ ከአጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ዲያቆን ዳዊቱን ከነማኅደሩ በነጠላው ሥር አቅፎ፣ ሐይቁን የሚገርፈውን ዝናብ በጭንቀት ይመለከት ነበር። ትርፍ ከረጢት ነበረኝና ሰጠሁት፤ አፉን እንዴት እንደሚዘጋ ሳሳየው፣ እሱ ከእኔ ይልቅ ተጠንቅቆ፣ ከንፈሮቹን በጣቱ ዳስሶ፣ ሦስት ጊዜ ጠቀለለ። ደሴቲቱ ስንደርስ ሁለታችንም እስከ አጥንታችን ርሰን ነበር። እሱ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሥር ቆሞ፣ እጁን በድንጋዩ ላይ አራግፎ፣ ከረጢቱን ፈታ፤ ማኅደሩን ከፈተ፤ ገጹን በእጁ ጀርባ ነካ አደረገና፣ ደረቅ መሆኑን ባየ ጊዜ ቆሞ ማንበብ ጀመረ።