ጣት ቆላ ሲወርድ

«ጋሼ፣ ለቤዝ የሚሆነው ፊልተር የቱ ነው? አንዱን ይንገሩኝና ልግዛ።»

ጠያቂው ባንዳችንን ከተቀላቀለ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ነው። ደብረ ሲና ቁርስ ልንበላ ቆመን፣ የጣርማ በር ጉም ወርዶ በረንዳውን ሞልቶት ሳለ ነው የጠየቀኝ። የፈለገው ስም ብቻ ነበር፤ አንድ ስም ነግሬው ሻዬን ብጠጣ ኖሮ ሁላችንም በሰላም እንውል ነበር። ግን አፌን ሳልከፍት ኪቦርዲስታችን ቀደመኝ። «ፊልተር ብቻውን ምን ያደርግልሃል? መልቲ ኤፌክት ግዛ። ፊልተሩም፣ ኮረሱም፣ ኮምፕረሰሩም አንድ ላይ አለልህ። አንዴ አስተካክለህ ሴቭ ታደርገዋለህ፤ ከዚያ ቁጥሩን መርገጥ ነው።»

ከዚህ ሰው ጋር በዚህ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ሽማግሌ ቢላክብንም የምንታረቅ አይመስለኝም። «ሴቭ ታደርገዋለህ» የምትለውን ነገር በሰማሁ ቁጥር ጉርሻው አልወርድ ይለኛል።

ልጁ የጠየቀው ኢንቨሎፕ ፊልተር ጌታው ጣት ነው። ኮረስ ክሩን ብትደበድበውም ብትዳብሰውም በራሱ ጊዜ ይወዛወዛል። ፊልተር ግን የጣትህን ጉልበት ይለካል፤ ጠንከር ስትል ይከፈታል፣ ለዘብ ስትል ይከደናል። ማይክ ቢግል እ.ኤ.አ. በ1972 ለሙዚትሮኒክስ በሠራው ሙትሮን ሦስት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ብርሃን ነው፦ ምቱ ሲበረታ ትንሿ መብራት ትደምቃለች፣ ከፊቷ የተቀመጠው ብርሃን የሚያይ ሬዚስተር ደግሞ ፊልተሩን ይከፍተዋል። ከሰል እፍ እንደማለት ነው፤ በትንፋሽህ ልክ ይቀላል። ትንፋሽን ሴቭ የሚያደርግ ሰው ካለ ያምጡልኝና ፊልተሩንም ልስጠው።

ይህን ያስተማረኝ የአገሬ ቁልቁለት ነው። አንድ ጥር ላይ ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ሸዋ ሮቢት ሰርግ ነበረን። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ያደርቃል፤ የደረቀ ጣት ደግሞ ክሩን አይነካም፣ ይቆረጥማል። ስለዚህ ሴንሱን፣ ማለትም ፊልተሩ ለጣት ያለውን ትብነት የሚወስነውን ማዞሪያ፣ ቀነስኩት፤ ፊልተሩ በየምቱ ቁልጭ ብሎ ይናገር ጀመር። ደስ ብሎኝ ማዞሪያው የቆመበትን ቦታ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግኩበት። እንግዲህ እኔም በጊዜዬ ሴቭ አድርጌያለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ ወረድን። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ገደማ። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ካፖርት ለብሰህ ያለፍከውን በር ሳትረሳው በሸሚዝ ትቀራለህ። ድንኳኑ ውስጥ የሰዉ ሙቀት፣ የጀነሬተሩ ጭስ፣ የወጡ እንፋሎት አለ። ጣቴ ተፍታታ፣ አላበው፣ ክሩ ላይ ይንሸራተት ጀመር። ፕላስተሩ ባለበት አለ፤ ፊልተሩ ግን አፉን ዘጋ። አንድ ዘፈን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያንጎራጉር ሰው ሆኜ ጨረስኩ። የሙሽራው አጎት መጡና በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ የአንተዋ አልተሰካችም እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ፕላስተር ነክቼ አላውቅም። ሴንስ የሚስተካከለው በምትጫወትበት ቦታ፣ ሁለት ዘፈን ተጫውተህ ጣትህ ከሞቀ በኋላ ነው። ያውም በወፍራሙ ክር አይደለም። የታችኛው ኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ የሚያጉረመርም ነው፤ ጉልበተኛ ስለሆነ ማንኛውንም ፊልተር ያስከፍታል። በእሱ አስተካክለህ ወደ ቀጭኑ ጂ ስትወጣ ፔዳሉ ይተኛብሃል። እኔ የምጀምረው ከደካማው ነው፦ ጂን ለስለስ አድርጌ እመታለሁ፣ ከንፈሩን ገርበብ ሲያደርግ ማዞሬን አቆማለሁ። የቀረውን ጣቴ ይጨርሰው።

ልጁ ስም ፈልጎ የለ? እንግዲህ ስም። ሙትሮን ሦስትን ስቲቪ ዎንደር እ.ኤ.አ. በ1973 «ሃየር ግራውንድ» ላይ ለክላቪኔቱ፣ ቡትሲ ኮሊንስ ደግሞ ለቤዙ ተጠቅመውበታል፤ የእኛ ሙያ አዳም ይህ ፔዳል ነው። እኔ የረገጥኩት አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም የሰው ነው። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ያወጣው ኪውትሮን ላይም የዚያው የቢግል እጅ አለበት፤ ታናሹን ማይክሮ ኪውትሮን ለዓመታት ይዣለሁ። አፉ ጥሩ ነው፣ ግን ሎው ፓስ ላይ ካላደረግከው ከሥር ያለውን ድምፅ ይበላብሃል። ቤዝቦልስ ማዞሪያው አንድ፣ ፊልተሩ ሁለት ነው፤ ሁለት ሐሜተኞች እኩል ሲያወሩ ታውቃለህ? እሱ ነው። ለአንድ ዘፈን ይጥማል፣ ለሌሊት ያሳብዳል። የስዊድኑ ኢቢኤስ ቤዝ አይኪው ወደ ላይም ወደ ታችም ይከፍታል፣ ጨዋ ነው። የቦስ ኤደብልዩ 3 ለቤዝ ለብቻው መግቢያ ስላለው አመሰግነዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልተግባባንም።

ዛሬ እግሬ ሥር ያለው ኤምኤክስአር ኤም82 ነው። የወደድኩት ለአንድ ማዞሪያው ስል ነው፤ ንጹሁን ድምፅ ከፊልተሩ ለይቶ ያወጣል። ጊታሪስት ይህ አይገባውም። የእሱ ድምፅ ለአፍታ ቢሳሳ ሰው «ጥበብ ነው» ይለዋል። የቤዝ ድምፅ ለአፍታ ከሥር ከጠፋ ግን ጨፋሪው መሬት የከዳው ይመስለዋል፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሄዶ ይቀመጣል። ስለዚህ ንጹሁ ሁልጊዜ ከሥር ይኑር፣ ፊልተሩ ከላይ ያውራ።

ሌላው ነገር ፊልተሩ የሚዘጋበት ፍጥነት ነው። ሻጮቹ የሚያሳዩህ በአራት ምት ፈንክ ነው፤ ጊዜው ሰፊ ስለሆነ ሁሉም ፔዳል ያምራል። የእኛ ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። በደቂቃ 120 ምት ሲሄድና እያንዳንዱ ምት ለሦስት ሲከፈል ለአንዷ ኖታ የሚደርሳት የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው። ፊልተሩ በዚያች ጊዜ ከፍቶ ካልዘጋ የሚቀጥለው ምት አፉን እንደከፈተ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ማዛጋት ነው። ዲኬይ የሚባለውን ማዞሪያ አሳጥረው። ትዝታ ስትጫወት መልሰህ አርዝመው፤ እዚያ ላይ ኖታዋ ራሷ አትቸኩልም።

አንቺ ሆዬ ላይ ደግሞ የፊልተሩን ሹልነት የሚወስነውን ኪዩውን ዝቅ አድርግ። በአንቺ ሆዬ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያያቸው ጎረቤታሞች አሉ። ፊልተሩ ሹል ከሆነ የራሱን ፉጨት ጨምሮባቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ያጠፋብሃል። ዘፋኟ ቅኝቷን ፍለጋ ዘወር ብላ ታይሃለች። ያን አስተያየት አንዴ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።

ኪቦርዲስታችን ሲሸነፍ የሚያመጣት አንዲት መከራከሪያ አለችው። «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዋ ዋን የለመደው በእግር ነው፤ ሙላቱን አትሰማም?» ይለኛል። እውነት አለው፤ ዋ ዋ በጣት ፈንታ በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ፊልተር ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የቀዳው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ዋ ዋው እንደ ሰው ይናገራል። ሙትሮን ሦስትም የዚያው ዓመት ልጅ ነው፤ አንዱ ለእግር፣ አንዱ ለጣት። እኔ የምለው ግን የቤዝ ተጫዋች እግር ሥራ አለው። ቤዝን የተማርኩት የጆቫኒ ሪኮን እጅ ከካሴት እየለቀምኩ ነው፤ አይቤክስ ባንድ ከማህሙድ አህመድ ጋር በሠራው «እሬ መላ መላ» ውስጥ ቤዙ ያለ ምንም ፔዳል፣ በጣት ብቻ፣ እየተመላለሰ ሲያወራ ስሙት። ያን ጨዋታ ቀኝ እግርህን ፔዳል ላይ ሰቅለህ አትጫወተውም፤ መሬት የረገጠ እግር ይፈልጋል።

ኮምፕረሰርን ከፊልተር በፊት የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ደግሞ አልከራከረውም፣ አዝንለታለሁ። ኮምፕረሰር ትልቁንና ትንሹን ምት እኩል ያደርጋል፤ ፊልተሩ የሚኖረው በልዩነቱ ነው። ምግቡን ነጥቀህ ለምን ከሳ ትላለህ? ካስፈለገህ ከኋላው አድርገው።

ይህ ሁሉ ግትርነት ከየት እንደመጣ አንዳንዴ አስባለሁ። ልጅ ሆኜ የእናቴ አጎት በዐቢይ ጾም በገና ይደረድሩ ነበር። በገናን ያየ ሰው ያውቃል፤ ከበርኩማው ላይ በየጅማቱ ሥር እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፣ ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከእሱ ነው። ቆዳው የፀጉር ውፍረት ያህል ከተዛነፈ ጅማቱ ዝም ይላል። እሳቸው መዝሙር ከመጀመራቸው በፊት አሥሩንም ጅማት አንድ በአንድ እየነኩ፣ ቆዳውን በጥፍራቸው እየገፉ፣ ጆሯቸውን እየሰጡ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ ነበር። «ትናንት አስተካክለውት አልነበረም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የትናንቱ ለትናንት ነበር» አሉኝ፤ ቀና እንኳን አላሉም። ፔዳል ማለት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ትምህርቱን ያገኘሁት ያኔ ነው።

አድጌ ቤዝ ከያዝኩ በኋላ የኪቦርድ ዘመን መጣ። አንድ ሰው ብቻውን ሰርግ ይይዝ ጀመር፤ ግራ እጁ የእኔን እንጀራ ወሰደው። ሁለት ዓመት ቤዜን አልጋ ሥር አስገብቼ እናቴ መንገድ ዳር ለምትሸጠው ቆሎ ገብስ ተሸከምኩ። አውቶቡስ ቆሞ ከካሴቱ ያ የኪቦርድ ቤዝ በመጣ ቁጥር፣ ትሪውን ይዤ መስኮት ሥር እየቆምኩ ሰማሁት። ሰምቼ ሰምቼ ገባኝ፤ ሰዉን የሚያስጨፍረው ማሽኑ ሳይሆን ያ በየኖታው እየተከፈተ የሚዘጋው አፍ ነው። ፊልተር ነው! ዋሽንግተን ያለ ዘመዴን ለምኜ የመጀመሪያ ፔዳሌ በሻንጣ መጣልኝ፣ ቤዜም ከአልጋ ሥር ወጣ። ኪቦርዲስቱን የማልለቀው በቂም ነው ብትሉኝ አልክድም።

አሁን ወደ ቁርሱ ልመለስ። ክርክሩን ሳንጨርስ ወደ ሸዋ ሮቢት ተሳፈርን። ያን ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሃል ላይ ጆሮ ይደፈናል፣ ሞተሩም ወሬውም ከጉም ውስጥ እንደሚመጣ ይሆናል፣ ከዚያ ምራቅህን ስትውጥ ጧ ብሎ ይከፈታል። ልጆች ሆነን ማን ቀድሞ ይከፈትለታል እያልን እንጫወት ነበር። ያን ቀን ልጁ ምራቁን ዋጠና ፈገግ አለ። እኔ ዋጥኩ፣ ደግሜ ዋጥኩ፤ ቀኙ ተከፈተ፣ ግራው ባለበት ቀረ። ግራ ጆሮዬ ከድራሙ ሲምባል አጠገብ ሃያ ሰባት ዓመት የቆመው ነው። ሐኪሙ፣ ከላይ ያሉት ድምፆች ሄደዋል ብሎኛል። የእኔ ፊልተር ተከድኖ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሴንሱን የሚጨምርልኝ የለም።

ሸዋ ሮቢት ሁለት ዘፈን እንደተጫወትን ልጁን ጠራሁትና ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር አቆምኩት። «ጂን እመታለሁ፤ ስትከፈት ንገረኝ» አልኩት። መታሁ፣ አዞርኩ። «አሁን!» አለ። ከዚያ ቤዙን አሸከምኩትና፣ «በል የራስህን ምታ» አልኩት። መታ፤ ፊልተሩ ተኛ። የእሱ ጣት ገና ለስላሳ ነው። ግራ ገብቶት አየኝ። ተንበርክኬ ማዞሪያውን ወደ እሱ ጣት አመጣሁለት፤ እሱ «አሁን» እስኪል ድረስ።

ቀጣዩን ዘፈን እሱ ይጫወተው ብዬ ወጥቼ ጀነሬተሩ ጋ ቆምኩ። ከሥር ያለው ድምፅ ሁሉ ይሰማኛል። ከላይ ያለውን በሰዉ ትከሻ ላይ አየሁት።